በሪያድ ጓሮ መቼ ምን ይዘራል?

ከደጋ የወረደ ሰው በቆላ ግቢ ሊከተለው የሚገባው የዘር ወቅት

የጓሮ አትክልት ሥራ በአገራችን የባልትና ተቀጥላ ሆኖ የኖረ ነው። በደጋም ሆነ በወይና ደጋ፣ ከቤቱ ጀርባ ጎመን ያልበቀለበት፣ ከጎመኑም አጠገብ ጤና አዳምና በሶብላ የማይታይበት ግቢ ጥቂት ነው። ይህ ልማድ ከባለቤቱ ጋር ድንበር ሲሻገር ኖሯል። ኑሮ ወደ ካርቱም የወሰደው ኢትዮጵያዊ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በጨርቅ የተቋጠረ የጎመን ዘር መያዙ የተለመደ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዘሩ በጓዝ ውስጥ ሲሄድ የመዝሪያው ወቅት አብሮት አይሄድም። በጎንደርና በደብረ ማርቆስ የሰኔ ዝናብ ሲጥል የሚዘራውን አትክልት በካርቱም በሰኔ የዘራ ሰው፣ ዘሩንም ውሃውንም ጉልበቱንም ይከስራል። ያንኑ ዘር አራት ወር ታግሦ በጥቅምትና በኅዳር ቢዘራው ግን እስከ መጋቢት ድረስ ገበታው ከቅጠል አይለይም።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ይህንኑ የወቅት ልዩነት ነው። ጉዳዩ በካርቱም ዘመድ ያለውን፣ ከካርቱም ተመልሶ እንደገና ለመሄድ የሚያስበውንና በመተማና በሑመራ ቆላ የሚገኘውን ወታደርና ነዋሪ በእኩል የሚመለከት ይሆናል ብለን እናምናለን።

ሪያድና ጅሬፍ

ሪያድ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምሥራቅ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው። ቤቶቹ በግንብ የታጠሩ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ሱዳኖች «ሆሽ» የሚሉት ግቢ አላቸው። በሰፈሩ ከሚታወቁት ጎዳናዎች አንዱ «መሽተል» ይባላል፤ ትርጉሙም የችግኝ ማፍያ ማለት ነው። ከሪያድ አጠገብ በዓባይ ዳር የሚገኘው ጅሬፍም ስሙን ያገኘው «ጀርፍ» ከሚለው ቃል ነው፤ ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል የሚታረሰውን የወንዝ ዳር መሬት ያመለክታል። እንግዲህ ሁለቱም ስሞች ከተክል ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው።

በእነዚህ ሰፈሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ኖረዋል። ከፊሉ በቤት ሠራተኝነትና በጥበቃ፣ ከፊሉ ሻይና ቡና በማፍላት፣ ከፊሉም ምግብ ቤት በመክፈት ይተዳደር ነበር። የግቢውን ተክል የሚያጠጣው፣ የሚኮተኩተውና የሚጠብቀውም በብዙ ቤት ይኸው ከአገራችን የሄደ ሠራተኛ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ይህን ኑሮ በተነው። ሰፈሮቹ ለሁለት ዓመት ያህል በተኩስና በዝርፊያ ሥር ቆዩ። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሠራዊት አውሮፕላን ማረፊያውን መልሶ ያዘ፤ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የካርቱም አውራጃ በሙሉ በእጁ መግባቱን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ነዋሪው ጥቂት በጥቂት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የሚጠብቀው ደጁ የተሰበረ ቤትና የደረቀ ግቢ ነው። ገበያው ውድ፣ መብራቱና ውሃው የተቆራረጠ በሆነበት ከተማ ከበሩ ውስጥ የሚቆረጥ አንድ እስር ቅጠል ለቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። የዘር ወቅትን ማወቅ አስፈላጊ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የተሳሳተ ወር በአንድ ጊዜ ብዙ ያስከፍላልና።

ከመቆፈር በፊት

የተመለሰው ሰው ዶማ ከማንሣቱ በፊት ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ውጊያ በተካሄደበት ግቢ ያልፈነዳ ጥይት፣ የሞርታር ቅምቡላና የእጅ ቦምብ በአፈር ወይም በፍርስራሽ ሥር ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል። የወታደርነት ሥራ የሚያውቅ ሰው እንደሚገነዘበው፣ ዝገት የበላው ፈንጂ ከአዲሱ ያነሰ አደገኛ አይደለም። ስለሆነም አጠራጣሪ ብረት የታየበትን ስፍራ አለመንካት፣ ምልክት አድርጎ መራቅና ለአካባቢው ባለሥልጣን ማስታወቅ ግዴታ ነው። ቁፋሮው የሚጀመረው ግቢው በሚያውቁ ሰዎች ከተፈተሸ በኋላ ብቻ ነው። ሕፃናትም ብረት እንዳያነሡ ደጋግሞ መንገር ያሻል።

በጦርነቱ ወራት ወደ መቃብር ስፍራ መድረስ ያልቻሉ ቤተሰቦች ሙታናቸውን በየግቢያቸውና በየመንገዱ ዳር መቅበራቸውም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የካርቱም ባለሥልጣናት አስከሬኖቹን እያወጡ ወደ መደበኛ መቃብር ማዛወር ጀምረዋል። ስለዚህ አፈሩ ከፍ ብሎ የተደለደለ ወይም ድንጋይ የተደረደረበት ቦታ ሲገኝ፣ ጎረቤትን ሳይጠይቁና ባለሥልጣንን ሳያስታውቁ እዚያ ላይ መደብ ማበጀት ተገቢ አይሆንም።

የምታዘው ፀሐይዋ ናት

በአገራችን ደጋ የዘሩን ወቅት የሚወስነው ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ሙቀቷም ዓመቱን ሙሉ ለጎመንና ለቆስጣ የሚስማማ ነው። የደጋ አትክልተኛ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው በክረምት ውሃ መተኛቱና እርጥበቱ የሚያመጣው የቅጠል መበስበስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ነው። ድንችና ቲማቲም የዘራ ሰው ይህን በሚገባ ያውቃል።

ካርቱም ከባሕር ወለል 380 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀት በስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ወደ 13 ዲግሪ ይደርሳል። የካርቱም የዓመቱ ዝናብ በአማካይ ከ120 እስከ 160 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይኸውም አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ የሚጥል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በአንድ የክረምት ወር ከሚወርደው አይበልጥም። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 41 እና 42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር ግን ቀኑ ወደ 30፣ ሌሊቱም ወደ 16 ዲግሪ ይወርዳል፤ ውርጭም የለም።

ከዚህ የምንረዳው በካርቱም ጓሮ አዛዡ የፀሐይዋ ሙቀት መሆኑን ነው። ውሃ ከቧንቧ ወይም ከወንዝ ይገኛል፤ ቅዝቃዜን ግን ከየትም ማምጣት አይቻልም። ሙቀቱ የሚያደርሰውም ጉዳት ከመጠውለግ ያለፈ ነው። ሌሊቱ ከ21፣ ቀኑም ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን የቲማቲም አበባ ብናኝ እየመከነ ስለሚሄድ ተክሉ ለምልሞ አብቦ ሳያፈራ ይረግፋል። የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አልበቅልም ብሎ ይተኛል። ድንች አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ሥሩ ማኮረቱን ያቆምና ቅጠል ብቻ ይሆናል። ድንብላል ደግሞ ቅጠሉ ሳይበዛ ወደ አበባ ይሮጣል። በሰኔ የዘራ ሰው «ዘሩ መጥፎ ነበር» ብሎ ቢያማርር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ጥፋቱ የወሩ ነው።

ሱዳኖች ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል። ቀዝቃዛው ወቅት «ሺታ»፣ የሐሩሩ ወቅት «ሰይፍ»፣ የዝናቡ ወቅት ደግሞ «ኸሪፍ» ይባላል። እኛ ለአንባብያን እንዲመች በአገራችን ወራት እየከፈልን እናቀርበዋለን።

መስከረምና ጥቅምት፤ የችግኝ ወራት

በአገራችን ዘመን መለወጫ አበባ የሚፈነዳበት ወር በካርቱምም የአትክልት ዓመት መጀመሪያ ነው። ዝናቡ ያበቃል፤ ሙቀቱ ግን ወዲያው አይበርድም። እንዲያውም በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ሁለተኛ ሐሩር ይመጣና ቀኑ እስከ 39 ዲግሪ ይደርሳል። ዝናብ ቆመ ብሎ በዚህ ጊዜ በቀጥታ መደብ ላይ ካሮትና ሰላጣ የሚዘራ ሰው ቸኮለ ይባላል።

የመስከረም ሥራ ችግኝ ማፍላት ነው። በመስከረም አጋማሽ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ቃሪያ በጥላ ሥር በሳጥን ወይም በትንሽ መደብ ይዘራሉ። ቀይ ሽንኩርት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይፈላል። ጥላው ከተምር ዝንጣፊ ወይም ከሰሌን ሊሠራ ይችላል። ከፍታው አንድ ሜትር ያህል ሆኖ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ መተው አለበት። ችግኙ ማለዳና ማታ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል። ሊነቀል አንድ ሳምንት ሲቀረው ጥላው ቀስ በቀስ ይነሣለታል፤ አለዚያ ወደ መደብ በወጣ ዕለት ፀሐይ ይመታዋል።

ሰላጣ ለመዝራት የቸኮለ ሰው ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሱዳኖች «ዚር» ከሚሉት የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ ጋን ሥር አንድ ሁለት ሌሊት ቢያሳድረው ጥሩ ነው። ጋኑ ላቡን እያወጣ ዙሪያውን ስለሚያቀዘቅዝ፣ በሞቀ አፈር የማይበቅለው ዘር እዚያ ይነቃል።

በጥቅምት ወር መደቡ ይታረሳል፤ የበሰለ ፍግ ይጨመርበታል፤ ወሩ ሲጋመስም ነጭ ሽንኩርት ይተከላል። ከዚህ ጋር «ጅርጅር» የሚባለውን፣ ሱዳኖች ከፉል ጋር በጥሬው የሚበሉትን ቅጠል መዝራት ይቻላል፤ በአንድ ወር ገደማ ይደርሳል። ፍጅልም እንዲሁ ከ25 እስከ 30 ቀን ብቻ ይበቃዋል። ወደ ባዶ ቤት የተመለሰ ቤተሰብ በመጀመሪያ ሊዘራቸው የሚገባው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር፤ የጓሮው ጥጋብ

ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሰሜናዊው ነፋስ ይነፍሳል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ከአገራችን ደጋ የሄደ ሰው የሚያውቃቸው አትክልቶች ሁሉ የሚስማማቸው ጊዜ ይህ ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንብላልና ፐርስሊ በቀጥታ በመደብ ላይ ይዘራሉ። የቲማቲም ችግኝ በጥቅምት መጨረሻ፣ የጥቅል ጎመን ችግኝ በኅዳር መጀመሪያ፣ የቀይ ሽንኩርቱ ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ወደ መደብ ይዛወራል። ድንች የሚተክል ሰው ኅዳርን ማሳለፍ የለበትም።

ሂሳቡን ወደ ፊት ቆጥሮ መያዝ ጠቃሚ ነው። ጥቅምት መጨረሻ የተተከለ ቲማቲም ከ70 እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ ማለትም በጥር መቅላት ይጀምራል፤ እስከ መጋቢት አጋማሽም ያፈራል። ካሮት እስከ 90፣ ቀይ ሥር እስከ 70፣ ቆስጣና ሰላጣ ከ50 እስከ 60 ቀን ይፈልጋሉ። ታኅሣሥ መጀመሪያ የተዛወረ ቀይ ሽንኩርት ከመጋቢት ጀምሮ ይነቀላል። ይኸው ቲማቲም በጥር ቢተከል ግን የሚያብበው ሐሩሩ ሲገባ ስለሆነ፣ ከሁለት ወር በላይ መዘግየት የወቅቱን ፍሬ በሙሉ ያሳጣል ማለት ነው።

ቅጠላ ቅጠሉን በአንድ ቀን ዘርቶ መጨረስ ልማዳዊ ስሕተት ነው። መደቡን በአራት ከፍሎ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ አንዱን ክፍል መዝራት፣ ቤተሰቡ ሳይቋረጥ እንዲመገብ ያስችላል። ጎመንና ቆስጣ ከሥር ሳይነቀሉ የውጭ ቅጠላቸው ብቻ ቢቆረጥ ለወራት ይሰጣሉ።

በዚህ ወቅት ቲማቲምን የሚያጠቃው ዋናው ጠላት በቅጠሉ ጀርባ የምትሰፍረው ነጭ ዝንብ ናት። ቅጠል የሚያኮማትር በሽታ ከተክል ወደ ተክል ታዛምታለች። ችግኙን ገና ከመፍላቱ ጀምሮ በስስ ጨርቅ መሸፈንና የተኮማተረውን ተክል ወዲያው ነቅሎ ማቃጠል የመጀመሪያው መከላከያ ነው። በካርቱም መንገዶች ዳር በብዛት የሚገኘው የኒም ዛፍ ፍሬውም ቅጠሉም ተወቅጦ፣ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጠልሎ ቢረጭ ተባይ ያርቃል።

የካቲትና መጋቢት፤ መሸጋገሪያው

በየካቲት አፈሩ መሞቅ ይጀምራል። የቅዝቃዜ አትክልት መዝራት የሚቆምበት፣ ሐሩር የሚችሉት የሚገቡበት ወር ነው። ኪያር፣ ዝኩኒና ዱባ ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ ይዘራሉ፤ ኪያርና ዝኩኒ በ50 ቀን ገደማ ስለሚደርሱ ሐሩሩ ከመጥናቱ በፊት ይበላሉ። ባሚያና መሉኺያም የሚዘሩት በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ነው። መሉኺያ ከሥሩ ከፍ ብሎ ሲቆረጥ እንደገና የሚያቆጠቁጥ፣ ተቀቅሎ እንደ ወጥ የሚበላ ቅጠል ሲሆን፣ በሱዳን ገበታ ላይ ያለው ስፍራ ጎመን በእኛ ዘንድ ካለው ይቀራረባል።

ለዘር የሚሆነው የሚለየውም በዚህ ወቅት ነው። ከጎመኑና ከሰላጣው ጤነኛና ዘግይቶ ያበበውን ሁለት ሦስት እግር መተው፣ ሲደርቅ ዘሩን አራግፎ በጥላ ማድረቅ፣ በጠርሙስ አሽጎ ከሙቀት ማራቅ ይገባል። የጦርነቱን ዓመታት ያየ ሰው የዘር ሱቅ ሁልጊዜ ክፍት እንደማይሆን ያውቃል።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፤ የሚችሉት ብቻ

እነዚህ ሦስት ወራት የካርቱም ጓሮ ፈተና ናቸው። ከሐሩሩ በላይ «ሀቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበል ይነሣል፤ ቅጠሉን ያለብሰዋል፤ ለስላሳውንም ግንድ ይሰብራል። በዚህ ጊዜ አዲስ የደጋ አትክልት መሞከር ውሃን በከንቱ ማፍሰስ ነው። የሚቆዩት ባሚያ፣ መሉኺያ፣ ደበርጃን፣ ሚጥሚጣና «ርጅላ» የሚባለው ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ናቸው። ርጅላ በእኛ አገር ማሳ እንደ አረም ሲቆጠር፣ በሱዳን ከሥጋና ከምስር ጋር የሚሠራ የተከበረ ምግብ ነው። ሐሩሩ በአንድ ወር ውስጥ ያሳድገዋል እንጂ አይገድለውም። የስኳር ድንች ሐረግም በዚህ ወቅት ተተክሎ መሬቱን ያለብሳል፤ ቅጠሉም ይበላል።

በስተ ሰሜንና በስተ ደቡብ በኩል የሸምበቆ ወይም የዝንጣፊ አጥር ማቆም አቧራውን ይሰብራል። ከሀቡብ በኋላ በማግሥቱ ማለዳ ቅጠሉን በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ከተክሉ ሥር ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ማልበስ ደግሞ አፈሩን ያቀዘቅዛል፤ ውሃውንም ይቆጥባል።

ሐምሌና ነሐሴ፤ አጭሩ ክረምት

በካርቱም ዝናቡ ትንሽ ነው፤ ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ነው። በሐምሌ መጨረሻ 1980 ዓ.ም. በአንድ ቀንና ሌሊት ከዓመቱ አማካይ የሚበልጥ ዝናብ ወርዶ ከተማውን አጥለቅልቆ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያም የዓባይ ሙላት በመቶ ዓመት መዝገብ ያልታየ ከፍታ ደርሶ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። ስለዚህ በዚህ ወቅት መደቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ማለት፣ በዙሪያውም የውሃ መውረጃ ሊኖረው ይገባል። የሚዘሩት ባሚያ፣ መሉኺያ፣ ርጅላና «ሎቢያ» የሚባለው፣ ቅጠሉም ፍሬውም የሚበላው አደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ናቸው። በነሐሴ የደበርጃንና የቃሪያ ችግኝ በጥላ ሥር ይፈላል።

ዝናቡን ተከትሎ ወባና የደንጊ ትኩሳት በካርቱም ነዋሪ ላይ ጉዳት ማድረሳቸው የታወቀ ነው። ለአትክልት የሚጠራቀም ውሃ በበርሜል ሳይከደን ከቆየ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። በርሜል መክደን፣ በመደቡ መካከል የተኛውን ውሃ ማፍሰስ የአትክልተኛው ሥራ ክፍል ተደርጎ መቆጠር አለበት።

የወንዝ ዳር ገበሬ ደግሞ የራሱ አቆጣጠር አለው። በቱቲ ደሴትና በጅሬፍ ዳርቻ ገበሬው «ደሚራ» የሚባለው ሙላት ሲጎድል እርጥቡን ደለል እየተከተለ ይዘራ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ የሚለቅ በመሆኑ፣ ወንዙ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ልክ እንደ ቀድሞው አይሆንም። የወንዝ ዳር ገበሬ ከእንግዲህ የአባቶቹን ቀን ብቻ ሳይሆን የውሃ ባለሥልጣናትን ማስታወቂያም መከታተል ይኖርበታል። የሪያድ ግቢ ግን ሙላት የሚጠብቅ ስላልሆነ ከላይ የተዘረዘረው ወቅት ይጸናለታል።

አፈርና ውሃ

የካርቱም አፈር ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ ሲሆን፣ በዓባይ ዳር ያለው ለስላሳ ደለል አብዛኛው ከአገራችን ተራሮች ታጥቦ የወረደ ነው። እዚህ ላይ ከደጋ የሄደ ሰው ሊተወው የሚገባ አንድ ልማድ አለ። በአገራችን የምድጃ አመድ በጓሮ መድፋት የተለመደ ነው፤ የደጋው አፈር ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣ በመሆኑ አመዱ ይጠቅመዋል። የካርቱም አፈር ግን ጨዋማነትና አልካላይነት የሚያጠቃው ስለሆነ አመድ ያብስበታል፤ ቅጠሉም ይቢጫል። የሚጠቅመው በደንብ የበሰለ የበግ፣ የፍየል ወይም የከብት ፍግ ነው።

ሱዳኖች መደቡን «ሐውድ» በሚባል በአፈር ግድብ በተከበበ ጠፍጣፋ ገንዳ ቅርጽ ያበጁታል፤ ውሃው ሳይፈስ ስለሚሰርግ ለደረቁ ወራት ከከፍተኛ መደብ ይሻላል። በግንቦትና በሰኔ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ8 እስከ 9 ሊትር ያህል ውሃ በትነትና በቅጠል በኩል ያጣል። አሥር ካሬ ሜትር ያለው ጓሮ በቀን አራት ወይም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል ማለት ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን ሦስት ጀሪካን ገደማ ይበቃዋል። የከተማው የውሃ ማጣሪያ በጦርነቱ በተጎዳበት፣ ውሃም በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ጊዜ ይህ ልዩነት የቤተሰብን ወጪ የሚወስን ነው። ሩዝና አትክልት የታጠበበትን ውሃ ለጓሮ ማዋል ይቻላል። ሳሙና ያለበት ውሃ ግን በጥሬ ለሚበላ ቅጠል አይሆንም።

ውሃው የሚጠጣው ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ከጠለቀች በኋላ ነው። በየቀኑ ገጹን ከማርጠብ፣ ሥር ላላቸው ተክሎች ቀን እያሳለፉ በጥልቀት ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርጋል።

ለመተማና ለሑመራ

ከላይ ያልነው በድንበሩ በዚህ በኩል ላሉት ቆላዎቻችንም ትምህርት ይሆናል። ሑመራ 600 ሜትር፣ መተማ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላቸው ሙቀታቸው ከደጋው ይልቅ ለካርቱም ይቀርባል። ሆኖም ዝናባቸው ከካርቱም እጅግ የበለጠ ስለሆነ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የባሚያ፣ የሎቢያና የዱባ ወቅት ነው፤ መደቡም ከፍ ማለት አለበት። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጎመንና ካሮት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት በመስኖ ይለማሉ። ከጎንደር ወይም ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ በቆላ የሰፈረ የጦር ክፍል፣ በካምፑ ዙሪያ አትክልት ሲያለማ የቀድሞ ሰፈሩን ወቅት ይዞ ከወረደ የሪያዱ እንግዳ የሚደርስበት ይደርስበታል። የወጥ ቤቱ እጣቢ ውሃና በአቅራቢያው ካለ ገበሬ የሚገኝ ፍግ ካለ፣ ጥቂት መደቦች ለአንድ ጓድ ገበታ በበጋው ወራት ትኩስ ቅጠል ሊያቀርቡ ይችላሉ።

በጠቅላላው፣ በሐሩር አገር ጓሮ የሚያለማ ሰው ዘሩን ከመበተኑ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው «መቼ ይዘንባል?» ሳይሆን «መቼ ይበርዳል?» የሚለውን ነው። በመስከረም ችግኙን በጥላ ያፍላ፤ በጥቅምት መደቡን ያዘጋጅ፤ በኅዳር ይትከል፤ በየካቲት ዘሩን ይለይ፤ ከመጋቢት በኋላ ሐሩር የሚችለውን ብቻ ያቆይ። በመተማ በኩል ወጥተው አሁን በየዘመድ ቤት ያሉና ወደ ካርቱም ለመመለስ የሚያስቡ ወገኖቻችንም፣ ዘሩን ከአሁኑ በደረቅ ጠርሙስ አዘጋጅተው፣ ግቢው መፈተሹን አረጋግጠው፣ ጉዟቸው ከተቻለ ከክረምት ማብቂያ ጋር እንዲገጥም ቢያስቡበት መልካም ነው። በመስከረም የገባ ሰው በኅዳር የራሱን ቅጠል ይቆርጣል፤ በመጋቢት የገባ ግን የጎመኑን ዘር ለመዝራት ስድስት ወር መጠበቅ ስለሚኖርበት፣ እስከዚያው በባሚያ፣ በመሉኺያና በርጅላ ሊጀምር ይገባዋል።